ጣና ዳር ወፍና ጉማሬ ከልጆች ጋር ለማየት የት ብንቀመጥ ይሻላል?

መምህሩ ከደብረ ማርቆስ፦

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። በጥር መጨረሻ፣ ትምህርት ቤቶች ለዕረፍት ሲዘጉ፣ ከቤተሰቤ ጋር ሁለት ሙሉ ቀን ባሕር ዳር ለመቆየት አስበናል። ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ መጥተን ገዳማቱን ተሳልመናል፤ ጢስ ዓባይንም አይተናል። የአሁኑ ጉዞ ግን ለሐይቁ ዳር እንስሳት ብቻ የታሰበ ነው። የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጄ ወፍ እያየች በደብተር መሣል ከጀመረች ዓመት ሊሆናት ነው፤ የሰባት ዓመቱ ታናሽ ወንድሟ ደግሞ ጉማሬ ሳላይ አልመለስም ብሎ ቆርጧል። ሁለቱም ባሕር አይተው አያውቁም። የአገሩ ሰው ጣናን «ባሕሩ» እያለ ስለሚጠራውና ከተማውም ስሙን ከዚያው ስላገኘ፣ ባሕር ላሳያችሁ ነው ብያቸዋለሁ፤ እንደ ውሸት አይቆጠርብኝም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ለመጠየቅ ያነሣሣኝ ባለፈው ጉዞ ያጋጠመን ነገር ነው። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ሞተር ጀልባ ተከራይተን ወጣን፤ ወፎቹ ግን ገና ከሩቁ ድምፁን ሲሰሙ እየተነሡ ይሄዱ ስለነበር ከጀርባቸው በቀር ያየነው አልነበረም። በመጨረሻ ጀልባ ነጂው፣ ባዶ እጃችንን እንዳንመለስ አስቦ ይመስለኛል፣ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ራሳቸውን ብቅ ወዳደረጉ ጉማሬዎች እጅግ አስጠጋን። አንዱ አፉን በሰፊው ሲከፍት ባለቤቴ ልጁን አቅፋ ከጀልባው ወለል ላይ ተቀመጠች፤ ሞተሩም ለመነሣት ሁለት ጊዜ አንገራገረ። አንዳች ጉዳት ሳይደርስብን ተመለስን፤ ነገር ግን ልጆቹ ስለዚያ ቀን ሲያወሩ የሚያነሡት ፍርሃቱን ነው።

ስለዚህ ከየብስ ሆኖ በርጋታ ለማየት የሚመች ቦታ የት እንደሆነ፣ ጉማሬን በስንት ሰዓትና ከምን ያህል ርቀት ማየት እንደሚገባ፣ ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ዳሩ ላይ ቀንድ አውጣና ትንንሽ ዓሣ ቢፈልጉ ችግር ይኖረው እንደሆነ የምታውቁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ። ባይኖኩላር የለንም፤ ለመግዛትም አቅማችን አይፈቅድም።

የዳሩ ነዋሪ፦

መምህር፣ እንኳን ደህና ይመጡ። ቤቴ ከሐይቁ ብዙም ስለማይርቅ ማለዳ በዳሩ መሄድ የዘወትር ልማዴ ነው፤ ከዚህ ልምድ ተነሥቼ የምመክርዎ ጀልባውን ለሁለተኛው ቀን አቆይተው በመጀመሪያው ቀን አንድ ቦታ መርጠው እንዲቀመጡ ነው። የሐይቁ ዳር ወፍ ሰውን ስለለመደ፣ ዝም ብሎ ለተቀመጠ ሰው አሥር ሜትር ድረስ ይጠጋል፤ እየተራመደ ወደ እርሱ ለሚሄድ ሰው ግን ሠላሳ ሜትርም አይፈቅድም። ባይኖኩላር የሚያስፈልገው ለሚያሳድድ ሰው ነው።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት ይድረሱ። ከተማው በሐይቁ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ስላለ ወደ ውኃው ሲመለከቱ ፊትዎ ወደ ሰሜን ነው፤ ፀሐይዋ በቀኝ በኩል ስለምትወጣ ዓይን ሳትወጋ ወፎቹን ታበራቸዋለች። በዚያ ሰዓት ውኃው እንደ መስተዋት የረጋ ነው። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ስለሚነፍስ ማዕበሉ ዳሩን ይመታል፤ ያን ጊዜ ዓሣ የሚያጠምዱት ወፎች ጥላ ይይዛሉ፤ ጀልባ ላይ ያለ ሰውም ይረጥባል። ለመቀመጫ የምመርጠው ደንገልና ፊላ ከክፍት ውኃ ጋር የሚገናኙበትን ጠርዝ ነው። ወፉ ከደንገሉ ውስጥ ይደበቃል፤ ምግቡን የሚያገኘው ግን ከጠርዙ ነው።

በመጀመሪያ ልጆቹ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉሩን ኪንግፊሸር ይፈልጉ። ከውኃው በላይ ጥቂት ሜትሮች ከፍ ብሎ፣ ክንፉን በፍጥነት እያርገበገበ፣ ራሱን ሳያንቀሳቅስ በአንድ ቦታ ተንሳፎ ይቆማል፤ ከዚያ እንደተወረወረ ድንጋይ በመንቁሩ ቀድሞ ይጠልቃል። ከአምስት ሙከራ አንዱ ቢሳካለት እንኳ ልጆቹ ያጨበጭባሉ። ለሣያዋ ልጅዎ የሚሆን አንድ ነገር ልንገርዎ፤ የወንዱ ደረት ላይ ሁለት ጥቁር መቀነት ሲኖር የሴቷ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም መሐሉ ላይ ብዙ ጊዜ የተቋረጠ ነው። ይህን ካወቀች በኋላ በየሽቦውና በየታንኳው ጫፍ የሚያርፉትን ወንድና ሴት እያለች መቁጠር ትችላለች። ከዚህኛው በጣም የሚያንስ፣ ሰማያዊ ጀርባና ቀይ መንቁር ያለው ዘመዱ ደግሞ ደንገል ላይ ያርፋል፤ የሚታየው ለታገሠ ሰው ነው።

ከውኃ በወጡ ድንጋዮችና ግንዶች ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው የሚቆሙት ጥቋቁር ወፎች ኮርሞራንት ይባላሉ። ላባቸው ውኃ ስለሚጠጣ ለመጥለቅ ይረዳቸዋል፤ ከውኃ ሲወጡ ግን እንደ ታጠበ ነጠላ መሰጣት ይኖርባቸዋል። ቅጠል በተንሳፈፈበት ጸጥተኛ ውኃ ላይ ደግሞ ጃካና የተባለውን፣ ጣቶቹ ከገላው ጋር የማይመጣጠኑ ረጃጅም የሆኑትን ወፍ ይፈልጉ። ክብደቱን በእነዚያ ጣቶች ስለሚያከፋፍል ቅጠሉን ሳያሰጥም ይራመዳል። ዕንቁላሉን የሚታቀፈውና ጫጩቶቹን በክንፉ ሥር ሸጉጦ የሚያሸሸው አባትየው ነው፤ ይህን ለልጆቹ ሲነግሩ ባለቤትዎ ቢሰሙም አይከፋም።

ዓሣ በሚራገፍበት አካባቢ ፔሊካኖች ከመንቁራቸው ሥር ያለውን ስልቻ ይዘው ቁራጭ ሲጠብቁ ያገኟቸዋል። በዚያ ሰዓት ለማኝ ይመስላሉ፤ ሐይቁ ላይ ግን ግማሽ ክብ ሠርተው ዓሣውን ወደ ጥልቀት የሌለው ውኃ እየነዱ በአንድ ጊዜ መንቁራቸውን ሲነክሩ ማየት ሌላ ነገር ነው። ነጭ ራስና ደረት ያለው ዓሣ አዳኝ ንስር ደግሞ ከመታየቱ በፊት በጩኸቱ ይታወቃል። በዳሩ ትልልቅ ዋርካዎችና ሾላዎች ላይ ፍሬ ሲያፈሩ ቀና ይበሉ፤ ከመንቁሩ በላይ ሌላ መንቁር የተጫነበት የሚመስለው፣ ሲበር ክንፉ እንደ ወናፍ የሚተነፍሰው ትልቅ ወፍ ሆርንቢል ነው። ሴቷ በዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ገብታ በሩ በጭቃ ይደፈናል፤ ወንዱም ጫጩቶቹ እስኪያድጉ ድረስ በጠባብ ስንጥቅ ያጎርሳታል።

ጥርን መምረጥዎ መልካም ነው። ሐይቁ ከክረምቱ በኋላ በመስከረምና በጥቅምት ከሞላበት እየጎደለ ስለሚሄድ በጥር ጭቃው ይገለጣል፤ ረጅም እግር ያላቸው ወፎች፣ ሳቢሳውም ሌላውም፣ ትሉንና ቀንድ አውጣውን የሚለቅሙት ከዚያ ነው። ከአውሮፓና ከሩሲያ ብርዱን ሸሽተው የሚመጡት እንግዶችም በዚህ ወቅት እዚሁ ናቸው። ግራጫ ክሬኖች በብዛት የሚከርሙት ግን በምሥራቁ ዳር፣ በፎገራ ሜዳ ሸሸርና ወላላ በተባሉት ረግረጎች አካባቢ ስለሆነ ከከተማው መቀመጫ አይታዩም፤ ለእነርሱ ሌላ ቀን ያስፈልጋል።

ስለ ጉማሬ፦ ሌሊቱን የብስ ላይ ሣር ሲግጥ አድሮ ሳይነጋ ወደ ውኃው ይመለሳል። ስለዚህ በጨለማና በጎሕ ሰዓት ከደንገል ዳር፣ በተለይም ሣሩ ተረጋግጦ እንደ ቦይ በተከፈተ መንገድ ላይ፣ ልጅ ይዞ መቆም ፈጽሞ አይገባም። በጉማሬና በውኃው መካከል የተገኘ ሰው መንገድ እንደ ዘጋበት ይቆጠራል። ባለፈው ያያችሁት አፍ መክፈትም ማዛጋት አልነበረም፤ «ከዚህ በላይ አትጠጉ» ማለቱ ነበር። ለልጅዎ የምመርጠው ወደ ቤዛዊት ኮረብታ መውጣት ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ከዚያ ሆነው ዓባይን ቁልቁል ሲያዩ፣ ዕድል ከቀናዎ፣ መጀመሪያ ድንጋይ የሚመስል ነገር ያያሉ፤ ድንጋዩ ጆሮውን ያርገፈግፋል። አምስት ደቂቃ ያህል ውኃ ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል ጠፋ ብለው አይነሡ።

ጀልባ ነጂው፦

የዳሩ ነዋሪ የተናገሩትን አከብራለሁ፤ ሆኖም ጥፋቱ ሁሉ በእኛ ላይ እንዳይወድቅ አንድ ቃል ልጨምር። ወደ ጉማሬ እንድንጠጋ አብዝቶ የሚጎተጉተን ተሳፋሪው ነው። ፎቶው አልጠራም፣ ትንሽ ጠጋ በል፣ ለዚህ ነው የከፈልነው ይባላል። እኔ ከመቶ ሜትር አልጠጋም፤ ግልገል ካየሁ ደግሞ አቅጣጫ እቀይራለሁ። እናቲቱ ከውኃው በታች መሬቱን እየረገጠች ስለምትመጣ ከላይ ምልክቷ አይታይም፤ የሚታየው የሚንቀሳቀስ የውኃ እብጠት ብቻ ነው፤ እርሱም ከጀልባው ሲደርስ ጊዜው አልፏል።

መምህር፣ ሲከራዩ ሦስት ነገር አስቀድመው ይነጋገሩ፦ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት መነሣት፣ ለእያንዳንዱ ልጅ በልኩ የሆነ የመንሳፈፊያ ጃኬት መኖሩ፣ ከደንገሉ ዳር ሲደረስም ሞተሩ ጠፍቶ በመቅዘፊያ መሄድ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው አይጠይቅም፤ ነገር ግን ወፍ የሚታየው ያን ጊዜ ነው። የሸማኔ ወፎችን ጎጆ ከደንገሉ ላይ ተንጠልጥሎ በቅርብ ለማየትም ከጀልባ የተሻለ ቦታ የለም፤ በዚህ ከየብሱ መቀመጫ እንበልጣለን። ከጉማሬው ይልቅ ወደ ዘጌ ቢሄዱ ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። በዘጌ በገዳማቱ ሥርዓት መሬት አይታረስም፤ ቡናው ከዛፍ ጥላ ሥር ስለሚበቅል ደኑ እስከ ውኃው ዳር ወርዷል። ጦጣውም፣ ወፉም፣ አንዳንዴ ድንጋይ ላይ ፀሐይ የሚሞቀው አርጃኖም እዚያ አለ። ወደ ክብራን ገብርኤል ግን ሴት ስለማይገባ፣ ልጅዎ ከጀልባ እንዳትቀር ከመነሻው ይወቁት።

የላቦራቶሪ ባለሙያ፦

ጫማ አውልቀው ይግቡ ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ ሳይሰጥ እንዳይታለፍ ነው የጻፍኩት። አይግቡ። በጣና ዳር የአንጀት ቢልሃርዚያ አለ፤ ልጆቹ ሊፈልጉት ያሰቡት ቀንድ አውጣ ደግሞ የበሽታው መሸጋገሪያ ነው። በሽታው ካለበት ሰው ዐይነ ምድር ጋር የወጣው ዕንቁላል ውኃ ሲያገኝ ይፈለፈላል፤ ከቀንድ አውጣው ገብቶ ይባዛል፤ ከዚያም በዓይን የማይታየው እጭ ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ባልቆሰለ ቆዳ በኩል ሰውነት ውስጥ ይገባል። እጩ ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ብርሃን ሲያገኝ በመሆኑ፣ ፀሐይ የጠነከረበትና ልጆች መንቦጫረቅ የሚወዱበት የቀትር ሰዓት ከሁሉ የከፋው ነው። ውኃው ጥርት ማለቱም ማረጋገጫ አይሆንም።

ከውኃ ርቆ በአሸዋው ላይ የደረቀውን ባዶ ቅርፊት መልቀም ግን የሚያስፈራ ነገር የለውም፤ ለሣያዋ ልጅም ጥሩ ሥራ ነው። ባለፈው ጉዟችሁ ገብተው ከነበረ ወይም አሁን ሳይታሰብ ቢገቡ፣ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ የሰገራ ምርመራ ይደረግላቸው፤ ወዲያው ቢመረመሩ ዕንቁላሉ ገና ስለማይወጣ ነፃ የሆኑ ይመስላሉ። ፕራዚኳንቴል የተባለ መድኃኒት አለው፤ የሚታዘዘው ግን በሐኪም ነው።

የባዮሎጂ መምህርት፦

ሁላችሁም ከውኃ በላይ ያለውን ነገራችሁ፤ የጣና ትልቁ ጉድ ግን ከውኃው በታች ነው፤ ለማየትም መጥለቅ አያስፈልግም። ማለዳ አስጋሪዎች ዓሣ ወደሚያራግፉበት ቦታ ልጆቹን ይዘው ይሂዱ። አምባዛው በጢሙ፣ ቆሮሶው በጠፍጣፋ ገላው ወዲያው ይለያል። ነጭ ዓሣ ተብሎ በአንድ ስም የሚሸጠው ክምር ላይ ግን ቆም ይበሉና የእያንዳንዱን አፍ ይመልከቱ፤ አንዱ ወፍራም ከንፈር አለው፣ የሌላው አፍ ወደ ታች የዞረ ነው፣ ሌላው ደግሞ እንደ አዳኝ ሰፊ መንጋጋ ይዟል። አሥራ አምስት ያህል ዝርያዎች በዚህ ስም ውስጥ ተደብቀዋል፤ የሚገኙትም በጣናና በገባሮቹ ነው።

ምክንያቱ አርባ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ነው። ከታች ያለ ዓሣ ያን ወጥቶ መምጣት ስላልቻለ፣ በሌሎች የአፍሪካ ሐይቆች ትንንሾቹን የሚበሉ እንደ ናይል ፐርች ያሉ አዳኞች እዚህ አልደረሱም። ቦታው ክፍት በመሆኑ ከነጭ ዓሣዎቹ ስምንት ያህሉ ራሳቸው ዓሣ በሎች ሆኑ፤ የሚያስገርመው መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የሌላቸው መሆናቸው ነው፤ የሚያኝኩት በጉሮሯቸው ውስጥ ባለው ጥርስ ነው። ብዙዎቹ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል ዓባይ ወንዞች ወጥተው ይራባሉ። መረቡም የሚዘረጋው በዚያው ሰዓትና በዚያው በወንዞቹ አፍ ላይ ስለሆነ፣ ዕንቁላል የያዘችው እየተያዘች ቁጥራቸው ተመናምኗል። ጣና እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ዓሣው ግን ምዝገባውን የሰማ አይመስልም።

በመንገዳችሁ ሐምራዊ አበባ ያለው ተንሳፋፊ ተክል ብታገኙ እምቦጭ ነውና ለልጅቷ ደብተር እንኳ ቅጠል ቆርጣችሁ እንዳትወስዱ አደራ። በሐይቁ ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታወቀ ወዲህ በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳር ያደረሰው ሁሉ የተጀመረው ከጥቂት ተክል ነው።

መምህሩ ከደብረ ማርቆስ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሄደን ተመልሰናል። በመጀመሪያው ማለዳ ልጆቹ ለሃያ ደቂቃ ዝም ማለት አቅቷቸው ነበር፤ ኪንግፊሸሩ ከፊታቸው ከጠለቀ በኋላ ግን ዝም በሉ የሚለው ትንሹ ሆነ። ልጄ ዘጠኝ ወንድና ስድስት ሴት ቆጥራለች፤ አንዱን ሁለት ጊዜ ቆጥረሻል በሚል ከወንድሟ ጋር ተጣልተዋል። የጃካናው ጣት አንድ ሙሉ ገጽ ወስዷል። ከዓሣ ማራገፊያው አምስት ዓይነት አፍ ሣለች፤ ካራ የያዘው ሰውዬም ሥራውን ትቶ ዓሣዎቹን እየመረጠ ይዘረጋላት ነበር። ጀልባውን በሁለተኛው ቀን በተነገረን ውል ተከራየን፤ ሞተሩ በጠፋበት ሰዓት የሰማነው የሸማኔ ወፎቹ ጫጫታ ከሁሉ በልጦብኛል። ዘጌ ላይ ጦጣ ዳቧችንን ነጥቆናል፤ ይህም ተጽፏል።

ወደ ቤዛዊት በመጀመሪያው ቀን አመሻሽ ወጣን። ሦስት ጉማሬ እኔ አየሁ፣ ልጁ አራት ይላል፤ አራተኛው ድንጋይ ነው ብዬው አኩርፏል። አንድ ጥያቄ ቀርቶናል። ከጉማሬዎቹ በአንዱ ጀርባ ላይ ሁለንተናው ቡናማ የሆነ፣ ቁመቱ ከዶሮ ብዙም የማይበልጥ፣ ከራሱ ኋላ ያለው ላባ ከመንቁሩ ጋር መዶሻ የሚመስል ወፍ ቆሞ ነበር። ምን ይባላል?

የዳሩ ነዋሪ፦

ሐመርኮፕ ነው፤ የጉማሬን ጀርባ እንደ ታንኳ ተጠቅሞ እንቁራሪትና ዓሣ ያድናል። ጎጆውን ሳያዩ መሄድዎ ቆጭቶኛል። በሺህ ከሚቆጠር ጭራሮ በዛፍ ቅርንጫፍ መሐል የሚሠራው፣ ስፋቱ ከአንድ ሜትር የሚበልጥ ጉልላት ነው፤ ጣሪያው የሰው ክብደት ይሸከማል፤ በሩም በጭቃ ተለስኖ ወደ ታች የዞረ ነው። በሚቀጥለው ሲመጡ ከእኔ ቤት በላይ ካለው ሾላ ላይ አንድ አለ። ለታናሽየውም ይንገሩልኝ፤ ከኮረብታው በታች ከውኃው መሐል ቋሚ ድንጋይ መኖሩን እኔ አላውቅም።